«ባትሪው ሞቷል» ከመባሉ በፊት

ያረጀ መኪና ያለው ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ቁልፉ ይዞራል። ሞተሩ አንዴ ሁለቴ ዞር ዞር ይልና ይዝላል። እንደገና ሲሞከር «ጠ ጠ ጠ ጠ» ብቻ ይሰማል። ጎንደር ላይ ደግሞ መኪና ሲቆም መካሪ አይጠፋም። ባጃጅ ነጂው ይጠጋል፣ ሊስትሮው ቀና ይላል፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አባትም ቆም ብለው ያያሉ። ብይኑ አንድ ነው፦ «ባትሪው ሞቷል፤ ቀይረው!»

አንዳንዴ ልክ ናቸው። ብዙ ጊዜ ግን ችኮላ ነው። አዲስ ባትሪ ይገዛል፣ መኪናው ለጥቂት ሳምንታት ፈረስ ይሆናል፣ ከዚያ ያው «ጠ ጠ ጠ» ይመለሳል። የመጀመሪያው ባትሪ በራሱ ጊዜ አልሞተም ነበር። የገደለው ነገር እዚያው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሁለተኛውንም በላው። የላላ ገመድ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን በቅጡ የማይሞላ ዲናሞ ሊሆን ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ የሚጠባ አላርምም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ገዳዩን መፈለግ ይሻላል። ፍለጋው ደግሞ እንደሚወራው ከባድ አይደለም።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ጣጣ ብቻም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለችው ኮሮላና ያለው ዶልፊን ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው

የመኪና ባትሪ ከ1859 እ.ኤ.አ. ወዲህ በመሠረቱ አልተለወጠም። ያኔ ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ የእርሳስ ፕሌቶችን አሲድ ውስጥ ነክሮ እየተሞላ የሚሠራ ባትሪ አሳየ። ዛሬም ያው ነው። ሳጥኑ በስድስት ክፍል ይከፈላል። እያንዳንዱ ክፍል ሴል ይባላል። በአንድ ሴል ውስጥ የእርሳስ ፕሌቶችና በውሃ የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ አሉ። አንዱ ሴል 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። ስድስቱ በተከታታይ ሲያያዙ 12.6 ቮልት ይሆናል። «12 ቮልት» የምንለው ባትሪ ጤነኛና ሙሉ ሲሆን የሚያሳየው እንግዲህ 12.6 ነው። ልክ 12 ላይ ከሆነ ሊያልቅ ተቃርቧል። ብዙ ሰው እዚህች ላይ ይሳሳታል።

ባትሪው ኃይል ሲሰጥ አሲዱ ከእርሳሱ ጋር ይዋሃድና ፕሌቱ ላይ ነጭ ነገር ይለብሳል። ይህ የእርሳስ ሰልፌት ነው። ሲሞላ ነጩ ነገር ይሟሟና ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ችግሩ የሚመጣው ባትሪው ሳይሞላ ሲቆይ ነው። ለስላሳው ሰልፌት ይጠነክራል፣ ቅርፊት ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም አይለቅም። ቅርፊት የያዘው የፕሌቱ ክፍል ከሥራ ውጭ ሆነ ማለት ነው። አብዛኛው ባትሪ የሚሞተው እንዲህ ነው፤ ቀስ በቀስ፣ በግማሽ ሆድ እያደረ።

ሌላው አሟሟት የሴል መሞት ነው። ከፕሌቱ የተራገፈ እርሳስ ከሥር ይጠራቀምና ሁለት ፕሌቶችን ያገናኛል። ያ ሴል በቃ አለቀለት። አምስቱ ቢቀሩም ባትሪው 10.5 ቮልት አካባቢ ላይ ይቀራል። እንዲህ ዓይነቱን ቻርጅ ቤት ማመላለስ ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ድምፁና መብራቱ ምን ይላሉ

ቴስተር (ቮልትና አምፒር መለኪያ) ከመፈለግ በፊት በነፃ የሚሠራ ሙከራ አለ። የፊት መብራቱን ያብሩና ሰው ፊት ለፊት ቆሞ እንዲያይ ያድርጉ። ከዚያ ቁልፉን ያዙሩ።

መብራቱ ክፉኛ ደብዝዞ ሊጠፋ ከደረሰ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ከባትሪው የሚወጣው ገመድ በደንብ አልያዘም። መብራቱ እንደ ፈካ ከቀረና «ቀጭ» የሚል አንድ ድምፅ ብቻ ከተሰማ፣ ጥርጣሬው ሞተሩን አዙሮ ወደሚያስነሳው ሞተሪኖ ይዞራል። መብራቱም ሳይደበዝዝ፣ ምንም ድምፅም ሳይሰማ ከቀረ የቁልፉን መስመር ወይም ፊውዝ ማየት ነው። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ «ፒ» ላይ መሆኑንም ያረጋግጡ። ይህቺ ብዙ ሰው አስቃለች።

ሞተሪኖው እንደ ልቡ እየዞረ መኪናው የማይነሳ ከሆነ ግን ባትሪውን ተዉት። ነገሩ የነዳጅ ወይም የካንዴላ ነው።

ጫፎቹን ሳያዩ ባትሪ አይቀየርም

ኮፈኑን ከፍተው የባትሪውን ሁለት ጫፎች ይመልከቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ተከምሮ ከታየ የአሲድ ትነት ብረቱን እየበላው ነው። ዱቄቱ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ሬዲዮ ለማጫወት የሚበቃ ኃይል ያልፋል፤ ሞተሪኖ ለማዞር የሚበቃ ግን አያልፍም። ትንሽ ቤንዚን መኪና ሲነሳ ከ100 እስከ 200 አምፒር ይስባል። ናፍጣ ከዚህም ይበልጣል። «ሬዲዮው እየሠራ እንዴት ባትሪ አለቀ ይባላል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ማጽዳቱ የ10 ቁጥር ቁልፍ፣ የሞቀ ውሃና ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ይፈልጋል። መጀመሪያ ኔጌቲቩ ይፈታል፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩ። ሲታሰር ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ፖዘቲቩ ቀድሞ ኔጌቲቩ መጨረሻ። ምክንያት አለው። የመኪናው ብረት በሙሉ ከኔጌቲቩ ጋር የተያያዘ ነው። ኔጌቲቩ ሳይፈታ ፖዘቲቩን እየፈቱ ቁልፉ ቦዲውን ከነካ፣ ቁልፉ እጅ ላይ ይግላል፣ ብልጭታውም ከባትሪው የሚወጣውን ሃይድሮጂን ሊያቀጣጥል ይችላል። ባትሪ ሲፈነዳ አሲድ ይረጫል። የሚረጨው ደግሞ ጎንበስ ብሎ በሚያየው ሰው ፊት ላይ ነው።

ሶዳውን በሞቀ ውሃ በጥብጠው ያፍስሱበት። ይኩረፈረፋል፤ አሲዱ እየከሰመ ነው። የባትሪው ክዳኖች ግን በደንብ የተዘጉ ይሁኑ፤ ሶዳ ውስጥ ከገባ ባትሪውን ያበላሸዋል። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ጫፉም መያዣውም እስኪያብለጨልጭ ይፈተግ። ኮካ ኮላ የሚያፈሱ አሉ። ዱቄቱን ያነሳል፣ አይካድም፤ ግን ስኳሩ ይጣበቅና አቧራ ይሰበስባል። ሶዳው ርካሽም ንጹሕም ነው። ሲያበቃ ጥብቅ አድርጎ ማሰርና ከላይ ግራሶ ወይም ቫዝሊን መቀባት ነው። መያዣው በእጅ ሲወዘወዝ ፍንክች ማለት የለበትም።

ጫፉ ጸድቶም ነገሩ ካልተስተካከለ ገመዱ ራሱ ይፈተሽ። አዘዞ መንገድ ዳር አንድ ዶልፊን ቆሞ ያየሁት ነገር አይረሳኝም። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ባትሪ ቀይረው ብዙም አልቆዩ። ልጅ እግር የመኪና ኤሌክትሪሺያን ቴስተሩን ይዞ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ባትሪውን ተዉት። አንዴ አስነሱልኝ» አለ።

«አይነሳም እያልኩህ!»

«አይነሳ፤ እርስዎ ብቻ ቁልፉን ያዙሩልኝ።»

የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርጎ ነበር። ቁልፉ ሲዞር ከ2 ቮልት በላይ አነበበ። በጤና ቢሆን ግማሽ ቮልት እንኳ መድረስ የለበትም። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ገመድ ፈታና ላስቲኩን በምላጭ ሰነጠቀው። ከውጭ ደህና የሚመስለው ገመድ ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። መዳቡ ተበልቶ ያለቀው ላስቲኩ ሥር ነው። ገመዱ ተቀየረ፣ ዶልፊኑ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ጋሼ ገመዱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ረጅም ስድብ ሰደቡት። ገመዱን ነው።

ቴስተር ይግዙ

እውነቱን ለመናገር አሮጌ መኪና ያለው ሰው ቴስተር ሳይኖረው መኖሩ ይገርመኛል። ተራው ዓይነት ከአንድ ባትሪ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሁለት ልኬት ብቻ ቢችሉ ይበቃል።

የመጀመሪያው ባትሪው ሲያርፍ ነው። መኪናው ካደረ በኋላ፣ ጠዋት ሳይነሳ ይለኩ። ከ12.6 በላይ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል ነው። 12.2 ግማሽ ነው። 12.0 ሩብ ገደማ። ከዚያ በታች ባዶ ነው ይባላል። መኪናው እንደ ጠፋ ወዲያው ከለኩ ቁጥሩ ያታልላል፤ ከዲናሞው የቀረ ላይ ላዩን የሆነ ኃይል ከፍ አድርጎ ያሳያል። መጠበቅ ካልቻሉ የፊት መብራቱን ሁለት ደቂቃ አብርተው ያጥፉና ትንሽ ቆይተው ይለኩ።

ሞተሪኖው እየዞረ ደግሞ አንድ ሰው ቁጥሩን ይይ። ሞልቶ ያደረ ባትሪ ሲነሳ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ጉልበት የለውም። ሳይነሳ 12.6፣ ሲነሳ 8 የሚያሳይ ባትሪ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል።

ሁለተኛው ልኬት ሞተሩ እየሠራ ነው። ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። መብራት ሁሉ በርቶም ከ13.5 ብዙ መውረድ የለበትም። 12 ነጥብ ምናምን ላይ ከቀረ ዲናሞው አይሞላም ማለት ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ይሆናል። ጠዋት ሲነሳ «ፅዊይይ» የሚል ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይመልከቱ። ከ15 በላይ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የዲናሞው ቮልት መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። ውሃው ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ይመጣል።

አሮጌ መኪኖች ላይ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ። ቁልፉ ሲከፈት፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ምልክት ያለባት ቀይ መብራት መብራት አለባት። በብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ዲናሞው ሥራ የሚጀምረው በዚህች አምፖል በኩል በሚመጣ ትንሽ ኃይል ነው። አምፖሏ ከተቃጠለች ዲናሞው ደህና ሆኖ ሳለ ላይሞላ ይችላል። አንዲት የማትረባ አምፖል ባትሪ ታስቀይራለች።

አንድ ልማድ ግን መቅረት አለበት። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» የሚል ሙከራ አለ። ድሮ በነበሩት ዲናሞዎች ያስኬድ ይሆናል። ዛሬ ባሉት ግን ገመዱ ሲነቀል ቮልቱ በድንገት ይዘልና ዳዮዱንም መቆጣጠሪያውንም ያቃጥላል። ሊመረመር የመጣው ዲናሞ ጤነኛ ከነበረ ታሞ ይመለሳል። መካኒኩ እጁን ወደ ገመዱ ከሰደደ «ተው ወንድሜ፣ በቴስተር ለካልኝ» ማለት መብት ነው።

የሌሊት ሌባ

ባትሪው ጤነኛ፣ ዲናሞው ጤነኛ፣ ጫፉ ንጹሕ ሆኖ መኪናው ሁለት ቀን ሲቆም ካልተነሳ፣ ተዘግቶም የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። ሂሳቡን እንየው። የጣሪያ መብራት 5 ዋት ነው። ይህ ወደ 0.4 አምፒር ይጠጋል፤ በቀን 10 አምፒር ሰዓት ያህል ይበላል። 45 አምፒር ሰዓት የሚይዝ የኮሮላ ባትሪ በሁለት ቀን ከግማሹ ሊወርድ ይቃረባል ማለት ነው። የፊት መብራት ተረስቶ ካደረ ደግሞ ሁለቱ 55 ዋት አምፖሎች 9 አምፒር ይስባሉ፤ ያው ባትሪ በአምስት ሰዓት ባዶ ነው።

ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ መኪና ሲዘጋ የሚበላው ከ0.05 አምፒር ማለፍ የለበትም። ግን የትኛው መኪናችን ነው ከፋብሪካ እንደወጣ ያለው? ላዩ ላይ አላርም ተጨምሯል፣ ጂፒኤስ ተጨምሯል፣ አምፕሊፋየር ተጨምሯል፣ ውስጡ እንደ ሠርግ ቤት የሚብለጨለጭ ሰማያዊ መብራት ተደርድሯል። ገመዱን የቀጠለው ልጅ ቁልፉን ተከትሎ የሚጠፋውን መስመር ትቶ ሁልጊዜ ኃይል ካለበት ከወሰደ፣ ሌባው ተገኘ።

አፈላለጉ ቀላል ነው። ሁሉም ነገር ይጥፋ፣ በሮች ይዘጉ። ኔጌቲቩን ገመድ ፈትተው ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ ያድርጉና በገመዱና በባትሪው ጫፍ መካከል ያስገቡት። የቴስተሩ ቀይ ገመድ 10 አምፒር የተጻፈበት ቀዳዳ ውስጥ መግባት አለበት። በዚህ ሁኔታ መኪናውን ለማስነሳት በፍጹም አይሞክሩ፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። ቁጥሩ ከፍ ያለ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ይዩ። የትኛው ሲነቀል ቁጥሩ ከወደቀ ሌባው በዚያ መስመር ላይ ነው።

ቆላ፣ ደጋና የነዳጅ ሰልፍ

ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሯ ለሰውም ለባትሪም ይስማማል። ነገር ግን የጎንደር መኪና ጎንደር ብቻ አይውልም። ወደ መተማ ይወርዳል፣ ወደ ደባርቅ ይወጣል። የተለመደው ስሌት፣ ባትሪ ውስጥ ያለው ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይጠጋል የሚል ነው። በቆላው ሙቀት ላይ የሞተሩ ሙቀት ሲደመር ባትሪው ውሃውን ያጣል፣ ፕሌቱም ይራገፋል። ብርድ ደግሞ ባትሪውን አይጎዳውም፤ ጉልበቱን ግን ያሳንሳል። 0 ዲግሪ ላይ ሲሶ ያህል ኃይሉን ያጣል፣ ዘይቱም ይወፍራል። መተማ ተመላልሶ የተጎዳ ባትሪ እዚያው ቆላ ላይ ምንም ሳይታወቅበት፣ በኅዳር አንድ ጠዋት ደባርቅ ላይ እንቢ የሚለው ለዚህ ነው። ደባርቅን አይርገሙ።

የነዳጅ ሰልፉም የራሱ ጣጣ አለው። ይነሳል፣ አምስት ሜትር ይሄዳል፣ ይጠፋል፤ እንደገና ይነሳል። በእያንዳንዱ መነሳት የሚወጣውን ለመመለስ ዲናሞው ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ግን አያገኝም። በዚህ ላይ ሬዲዮው ይጫወታል፣ ስልኩ ቻርጅ ይደረጋል። ሰልፍ ላይ መኪናውን በእጅ እየገፋ የሚያስጠጋ ሰው ነዳጅ ብቻ አይደለም የሚቆጥበው።

መንገድ ሲዘጋ ወይም ነዳጅ ሲጠፋ ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚከርም መኪና ደግሞ አለ። «በየሳምንቱ አስነስቼ አምስት ደቂቃ አቆየዋለሁ» የሚል ብዙ ነው። አምስት ደቂቃ በዝግታ የሚዞር ሞተር ለማስነሳት የወጣውን ቢመልስ ነው። የደከመ ባትሪ እንዲሞላ ሰዓታት ይፈልጋል። መኪናው መቆሙ ካልቀረ ኔጌቲቩን ፈትቶ ማስቀመጥና በየወሩ ገደማ በቻርጀር መሙላት የተሻለ ነው። ያልተነካ ባትሪም ቢሆን በራሱ ጊዜ በወር ከ3 እስከ 5 በመቶ ይቀንሳል፤ ሙቀት ካለ ከዚያም በላይ።

ሲቆም እንዴት ይነሳ

ጎንደር ቁልቁለት አታጣም። ባትሪው የደከመ ሰው መኪናውን አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ የሚያቆመው ወዶ አይደለም። ማርሹ ሁለተኛ፣ ፍሪሲዮኑ ተረግጦ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ሲንደረደር ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል። ይሠራል። ሦስት ነገር ግን ይታወቅ። አውቶማቲክ መኪና እንዲህ አይነሳም። ባትሪው ጭራሽ ባዶ ከሆነም የነዳጅ ፓምፑና ካንዴላው ኃይል ስለማያገኙ መግፋቱ ከንቱ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ፍሬኑ ይከብዳል፣ ኃይል ያለው መሪም ይደርቃል። ሕፃናት በሚጫወቱበት የሰፈር ቁልቁለት ይህን አለማድረግ ነው።

ከሌላ መኪና በገመድ ሲነሳ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ቀዩ ከሞተው ፖዘቲቭ ወደ ጤነኛው ፖዘቲቭ። ጥቁሩ ከጤነኛው ኔጌቲቭ ወደ ሞተው መኪና። የመጨረሻው ጫፍ ባትሪው ላይ አይታሰርም፤ ከባትሪው ራቅ ያለ ባዶ የሞተር ብረት ላይ ይያዛል። ብልጭታው ከባትሪው ትነት እንዲርቅ ነው። ጥቂት ደቂቃ ይቆዩና ያስነሱ። ሲፈታ በተገላቢጦሽ ነው።

ለእርዳታ የሚቆመውን መኪናም ይምረጡ። ኢሱዙና ትልልቅ የጭነት መኪኖች ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው። ሁለት ባትሪ ተያይዞ ካዩ አይቀበሉ፤ የትንሿን መኪና ኤሌክትሪክ ሊያቃጥል ይችላል። የባጃጅ ባትሪ ደግሞ በተቃራኒው አቅም የለውም።

ውሃ፣ አሲድና ቻርጅ ቤት

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ፕሌቶቹ ከውሃው በላይ መታየት የለባቸውም። ከአናታቸው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፈኑ። የሚጨመረው የባትሪ ውሃ (ማዕድን የሌለው የተጣራ ውሃ) ብቻ ነው። የቧንቧም፣ የታሸገ የመጠጥ ውሃም ማዕድን አለው፤ ማዕድኑ ፕሌቱን ይጎዳል። «ጉልበት እንዲያገኝ» ብሎ አሲድ መጨመር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ባትሪው የሚያጣው ውሃውን ነው፤ አሲዱ አይተንም፣ እዚያው አለ። አሲድ ሲጨመር ለጥቂት ቀን ነቃ ያለ ይመስላል፤ ፕሌቱ ግን እየተበላ ነው። መነጽርና ጓንት ያድርጉ። ቆዳ ላይ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠባል። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳያቋርጡ እያጠቡ ወደ ሐኪም ቤት።

ቻርጅ ቤት ሲሰጡ ቀስ ብሎ እንዲሞላ ይጠይቁ። ደንቡ የባትሪው አቅም አንድ አሥረኛ ነው፤ 60 አምፒር ሰዓት ለሚይዝ 6 አምፒር። ባዶ ከነበረ ከአሥር ሰዓት በላይ ይፈጃል። «ከሁለት ሰዓት በኋላ ና» የሚል ቤት በትልቅ አምፒር እየቀቀለው ነው። ቻርጅ ሲያበቃ አሲድ መለኪያዋ ብልቃጥ ካለች ስድስቱም ሴሎች ይለኩ። የአሲዱ ክብደት ከውሃ ጋር ሲነጻጸር 1.26 ወይም 1.28 አካባቢ ከሆነ ሙሉ ናቸው። አምስቱ እዚህ ሆነው አንዱ 1.15 ካለ ያ ሴል ሞቷል፤ ባትሪውም አብሮት።

መቀየሩ ካልቀረ

ባትሪ በጥሩ አያያዝ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይቆያል። ጊዜው ደርሶ ሲገዛ መጠኑ ከአሮጌው ጋር ይመሳከር። ትልቅ ባትሪ መኪናውን አይጎዳም፤ ቦታው ከበቃና ከታሰረ ችግር የለም። ፖዘቲቩ ያለበት ጎን ግን እንደ አሮጌው መሆን አለበት። አለዚያ ገመዱ አይደርስም፤ ተገዶ ከደረሰ ደግሞ ተገልብጦ የመታሰር አደጋ አለ። የአንድ አፍታ ስህተት የዲናሞውን ዳዮዶች ታቃጥላለች።

የተመረተበትን ቀን ይፈልጉ፤ ሳጥኑ ላይ ወይም ጫፉ ላይ ታትሞ ይገኛል። ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየ ባትሪ አዲስ አይባልም። ቴስተሩን ይዘው ይሂዱና እዚያው ይለኩ። 12.4 የማይደርስ ከሆነ ሌላ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። ጫፉ ላይ የመያዣ ጭረት ካለ፣ ቀለሙም ትኩስ ከሆነ፣ አንድ ሰው ከእርስዎ በፊት ተጠቅሞበታል።

አሮጌውን ሜዳ ላይ አይጣሉት፣ አሲዱንም ቦይ ውስጥ አይድፉት። ቦዩ መጨረሻው ቀሃ ወይም አንገረብ ወንዝ ነው። እርሳስ መርዝ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ግቢ ውስጥ ሰብሮ እርሳሱን የሚያቀልጥ ሰው ካለ ልጆችን ከዚያ ማራቅ ነው። እርሳሱ እንደገና ስለሚቀለጥ ግን ሬሳው ራሱ ዋጋ አለው። አዲሱን ሲገዙ ባትሪ ነጋዴው አሮጌውን ተረክቦ ከሂሳቡ ላይ እንዲቀንስልዎት ይደራደሩ፤ ሳይጠየቅ የሚቀንስ ጥቂት ነው።